ሦስት ትምህርት፣ አንድ ድምር፦ የአንድ የደሴ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል መግቢያ ፈተና

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደሴ ያለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ48 የ9ኛ ክፍል ቦታ 212 ልጆችን ፈተነ። ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አጠቃላይ ሳይንስ ነበር፤ ከየትምህርቱ 30 ጥያቄ፣ ለጥያቄው አንድ ነጥብ፣ ድምሩ ከ90። ሦስቱም ትምህርቶች እኩል እንደሚያዙ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ተጽፎ ነበር። ውጤቱ ተፈትሾ ሲታይ ግን ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን ከግማሽ በላይ የወሰነው እንግሊዝኛው ነው። የሒሳቡ ድርሻ 17 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሆን ብሎ ያደረገው ሰው የለም፤ ነጥቦቹን ዝም ብሎ መደመር በራሱ ያመጣው ነገር ነው።

የትምህርት ቤቱም ሆነ የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ስም አልተጠቀሰም።

ሰልፉ ለምን ረዘመ

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ የ8ኛ ክፍሉን ክልላዊ ፈተና፣ ሰዉ ዛሬም "ሚኒስትሪ" የሚለውን፣ ካለፈ በኋላ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ሚዛን አያየውም። መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ሚዛን ደግሞ ከብዷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ። ወላጅ ይህን ቁጥር ሲሰማ ልጁን የት እንደሚያስገባ የሚያስበው 11ኛ ክፍል ላይ አይደለም፤ 8ኛ ላይ ነው። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሆጤም ሆነ መምህር አካለወልድ ለመግባት የመግቢያ ፈተና አያስፈልግም፤ የሰፈሩ ልጅ በ8ኛ ክፍል ውጤቱ ይመዘገባል። ቦታቸው ጥቂት የሆኑ የግልና ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ይመርጣሉ፣ ለመምረጥም ይፈትናሉ።

በዚያ ነሐሴ የተቀመጡት ልጆች የኋላ ታሪካቸው ለብቻው መታየት አለበት። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ 4ኛ ክፍል ነበሩ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014፣ 6ኛ ክፍል ነበሩ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘርፏል፣ ወንበሩ ሳይቀር ተሰባብሯል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ክፍልፋይና መቶኛ የሚደላደሉት 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ "8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ" የሚለው ወረቀት ከከተማው የግል ትምህርት ቤት ለመጣ ልጅና ከወረባቦ ወይም ከኩታበር ገጠር ለመጣ ልጅ አንድ ነገር አይናገርም።

ትራንስክሪፕትን በነጥብ ማስላት ያልተመረጠውም በዚህ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል አማካይ 30 በመቶ ሊሰጥ አስቦ ነበር። የአመልካቾቹ ሮስተር ሲታይ የአንዱ ትምህርት ቤት 20ኛ 93 አለው፤ የሌላው 1ኛ 86 ነው። ውጤቱን የሰጠው መምህር እጁ ለጋስ ይሁን ልጁ ጎበዝ ይሁን ከወረቀቱ ላይ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ለመመዝገብ ብቻ ዋለ፤ 75ና ከዚያ በላይ ያለው ይፈተናል። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር።

ፈተናው እንዴት ተዘጋጀ፣ እንዴት ተሰጠ

ሦስት መምህራን በየትምህርታቸው 30 ጥያቄ አወጡ። ቢጋር አልነበረም፤ ማለትም ከየትኛው ክፍልና ከየትኛው ምዕራፍ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚወስን ሰንጠረዥ አልተሠራም። የሒሳብ መምህሩ ጎበዞችን መለየት ነው የሚፈለገው ብሎ ጥያቄዎቹን ከሞላ ጎደል ከ8ኛ ክፍል መጨረሻ ምዕራፎች አመጣ። በዚያ ዓመት ብዙ ትምህርት ቤት እዚያ ምዕራፍ ላይ አልደረሰም። የእንግሊዝኛው መምህር በተቃራኒው ከቀላል እስከ ከባድ የተደረደረ ፈተና ሠራ፤ በሙያው የተሻለው ሥራ የእሱ ነበር፤ ግን ክፉውን ያመጣውም ይኸው ጥራቱ ሆነ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

ኩረጃን ለመከላከል ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተላቸው ተቀያይሮ በሁለት ኮድ ታተሙ። በአንድ ክፍል 30 ልጅ፣ በአንድ ዴስክ አንድ፤ ኮድ 1 እና ኮድ 2 አንዱን ዘልሎ አንዱን ይታደላል። ጥያቄው የተባዛው እዚያው ግቢ ውስጥ በትምህርት ቤቱ ማሽን ነው፣ ከፈተናው በፊት በነበረው ማታ፤ በክፍል ብዛት በታሸገ ኤንቨሎፕ ተከፋፍሎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አደረ። ይህ ሁሉ በደንብ ተሠርቷል። ጥያቄ ወጣ የሚል ወሬ እንኳን አልተሰማም።

ሰዓቱ ግን አልታሰበበትም። መጀመሪያ የተባለው ጠዋት 2፡30 ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በነሐሴ ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሚኒባስ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ነው የሚወጣው። ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡና ከሐይቅ የመጡ ልጆች ዘግይተው፣ አንዳንዶቹም ልብሳቸው እንደረጠበ ገቡ። ሦስቱም ትምህርት ያለ እረፍት በአንድ ጊዜ በ120 ደቂቃ ተሰጡ፤ ሳይንሱ መጨረሻ ላይ ነበር። የመልስ ወረቀቶቹ ሲታዩ ከሳይንሱ የመጨረሻ ስምንት ጥያቄዎች ላይ የተተወ ክፍት ቦታ በዝቷል፣ በተለይ ዘግይተው በገቡት ላይ። ይህ የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን የሰዓት ጉድለት ነው።

እርማቱ ጥሩ ነበር። የትክክለኛ መልሶቹ ቦታ በተበሳ ካርቶን ሁለት መምህራን ለየብቻ ያርማሉ፣ ቁጥራቸው ካልተስማማ ሦስተኛ ያያል። በማግሥቱ ዝርዝሩ ተለጠፈ።

አቤቱታው

51ና ከዚያ በላይ ያመጡት 44 ነበሩ። ለቀሩት 4 ቦታዎች በ50 ነጥብ እኩል የሆኑ 6 ልጆች ተገኙ። እኩል ቢመጡ ምን እንደሚደረግ ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም፤ ኮሚቴው እዚያው ቁጭ ብሎ "እንግሊዝኛ የበለጠው ይግባ" አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ምክንያቱ አፍ ያስዘጋል። ግን ሕጉ የወጣው ስሞቹ ከታዩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የማን ልጅ የማን ዘመድ ነው የሚለውን ጥርጣሬ ማስቆም አልተቻለም።

በሦስት ቀን ውስጥ 11 ወላጆች አቤት አሉ። አብዛኞቹ ድምሩ ይታይልን የሚሉ ነበሩ። አንደኛው ግን ከሐርቡ የመጣ አባት ነው፤ ልጁ 49 አምጥታ ቀርታለች። አባትየው ድምሩን አልተከራከረም። ልጄ በሒሳብ አትታማም፣ ከከተማው ልጆች በሒሳብ ስንተኛ እንደሆነች ብቻ ንገሩኝ አለ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ ከ212ቱ በሒሳብ ሁለተኛ ነበረች።

ከእሷ አጠገብ አንድ የገባ ልጅ ውጤት ይቀመጥ፦ እሱ እንግሊዝኛ 26፣ ሒሳብ 9፣ ሳይንስ 16፣ ድምር 51። እሷ እንግሊዝኛ 13፣ ሒሳብ 18፣ ሳይንስ 18፣ ድምር 49። ሒሳብ 9 ማለት ጥያቄውን ሳያነቡ ከአራት ምርጫ በዘፈቀደ ቢያጠቁሩ ከሚመጣው፣ በአማካይ 7.5 ከሚሆነው፣ ብዙም ያልራቀ ነው። ኮሚቴው የመልስ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ እንደገና ለመመርመር የተገደደው በዚህ ነው። ሥራው ሁለት ሰው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ተራ የኤክሴል ሥራ ነው፣ ሌላ ሶፍትዌር አላስፈለገም።

ድምሩ ውስጥ ምን ነበር

የእንግሊዝኛው አማካይ 16፣ የሒሳቡ 10.5፣ የሳይንሱ 14.5 ወጣ። ይህ የትኛው ከባድ እንደነበር ይናገራል እንጂ የትኛው ድምሩን እንደዘወረ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የውጤቶቹ መራራቅ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለው ነው። በእንግሊዝኛ 7.0፣ በሒሳብ 3.2፣ በሳይንስ 4.0 ሆነ።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ ጎበዙና ደካማው መካከል 15 እና 20 ነጥብ ልዩነት አለ። በሒሳብ አብዛኞቹ ከ7 እስከ 14 ባለች ጠባብ ቦታ ታጭቀዋል፤ በሒሳብ ጎበዝ የሆነ ልጅ ከመካከለኛው የሚበልጠው በአብዛኛው በአምስት በስድስት ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ሲደመሩ በእንግሊዝኛ የተገኘ ብልጫ በሒሳብ የተገኘውን ይውጠዋል። በደረጃ ቅደም ተከተል ላይ የአንድ ትምህርት ክብደት የሚወሰነው ከስንት እንደተፈተነ ሳይሆን ውጤቱ ምን ያህል እንደተበተነ ነው። ሁሉም 20 ያመጡበት ትምህርት ከ30 ቢያዝም ከ300 ማንንም ከማንም አያስበልጥም። ስሌቱ የድምሩን ልዩነት ለሦስቱ ሲያካፍለው እንግሊዝኛ 55፣ ሳይንስ 28፣ ሒሳብ 17 በመቶ ደረሳቸው።

ልዩነቱን ለማስተካከል የሚሠራበት መንገድ የቆየ ነው። ከልጁ ነጥብ ላይ የትምህርቱ አማካይ ይቀነሳል፣ ለስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ይካፈላል፣ በ10 ይባዛል፣ 50 ይደመርበታል። በዚህ ስሌት በማንኛውም ትምህርት መካከለኛው ልጅ 50 ይሆናል፣ የሦስቱ ድምር ደግሞ 150። የገባው ልጅ በእንግሊዝኛ 64.3፣ በሒሳብ 45.3፣ በሳይንስ 53.8 አግኝቶ ድምሩ 163.4 ሆነ። የሐርቧ ልጅ 45.7፣ 73.4 እና 58.8፤ ድምሯ 177.9።

እዚህ ላይ ግን ፈጥኖ መደምደም አይገባም፤ ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ስሌት ሲሰማ መድኃኒት ተገኘ ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሒሳቡ ፈተና ውጤት የጠበበው ልጆቹ እኩል ስለሆኑ ሳይሆን ፈተናው ከአቅም በላይ ስለነበር ነው። ሰው ሁሉ በግምት ሲያጠቁር የሚፈጠረው መበተን ብቻ 2.4 ገደማ ነው፤ የታየው 3.2 ነው። ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ባወጡት 21ኛ ቀመር የሒሳቡ አስተማማኝነት (ወደ 1 ሲጠጋ ውጤቱ በዕድል ያልመጣ፣ ወደ 0 ሲጠጋ በዕድል የመጣ ነው) 0.35 ወጣ፤ የእንግሊዝኛው 0.88። ማለትም መካከል ላይ ካሉት ልጆች 9 ያመጣውና 12 ያመጣው የተለያዩት በአብዛኛው በዕድል ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ሲጎላ ዕድሉም አብሮ ይጎላል። ስሌቱ የሚያምነው ጫፍ ላይ ያሉትን ነው፤ 30 ጥያቄ በግምት አጥቁሮ 18 ማምጣት በተግባር የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ የልጅቷ 18 እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ልጁ ግን 9 ያመጣው ሒሳብ ስላልቻለ ነው ወይስ ፈተናው ስላላሳየው፣ ወረቀቱ አይናገርም።

ሁለት ጥያቄዎች

የጥያቄ ምርመራው የተለመደው ዓይነት ነው። ከ212ቱ ላይኛው 27 በመቶ (57 ልጅ) እና ታችኛው 27 በመቶ ተለይተው በእያንዳንዱ ጥያቄ ከየቡድኑ ስንት እንደመለሰ፣ ያልመለሱትም የትኛውን ምርጫ እንደያዙ ይቆጠራል። ጎበዙ ቡድን ከደካማው ያነሰ የመለሰው ጥያቄ ካለ ወይ ጥያቄው ወይ መልሱ ችግር አለበት።

የሒሳብ 14ና 15 በኮድ 2 ላይ ተያዙ። በኮድ 1 እነዚያኑ ጥያቄዎች የመለሱት 58ና 44 በመቶ ናቸው፤ በኮድ 2 ደግሞ 11ና 19 በመቶ። ፈተናው አንድ፣ እደላው በተራ፣ ልጆቹ የተደባለቁ ናቸው፤ ይህን ያህል ልዩነት በዕድል አይመጣም። ሲጣራ የሦስት ማዕዘኑ ሥዕል ገጹ ላይ አልበቃ ብሎ ጸሐፊዋ ሁለቱን ጥያቄዎች አቀያይራቸው ነበር፤ የመልስ ቁልፉ ግን የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። ሁለት አራሚ፣ ሦስተኛ አጣሪ የተባለው ጥንቃቄ ሁሉ ይህን ሊይዝ አይችልም፤ ሦስቱም የሚያርሙት በዚያው በተሳሳተ ካርቶን ነው። የመልስ ቁልፍ መሠራት ያለበት ከረቂቁ ሳይሆን ታትሞ ከወጣው ቡክሌት ነው፤ አንድ ፈተናውን ያላወጣ መምህር ቡክሌቱን እንደ ተፈታኝ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል፣ የእሱ መልስ ከቁልፉ ጋር ይመሳከራል። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ሌላው ጥያቄ ቁልፉ ትክክል ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነጋዴ በ2,400 ብር የገዛውን ዕቃ በ15 በመቶ ኪሳራ ቢሸጠው በስንት ሸጠው የሚል ነው። መልሱ 2,040። ምርጫዎቹ 360፣ 2,040፣ 2,385 እና 2,760 ነበሩ። ከላይኛው ቡድን 57 ልጆች ውስጥ 24ቱ 2,040፣ 19ኙ ደግሞ 2,760 ያዙ። 2,760 የያዘ ልጅ የ2,400ን 15 በመቶ በትክክል አስልቷል፤ 360 ብር መሆኑን አውቋል፤ ከዚያ መቀነስ ሲገባው ደመረ። መቶኛ አያውቅም ማለት አይቻልም። "ሎስ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ኪሳራ ማለት ነው፣ አላወቀውም፣ ወይም ነጋዴ ሲሸጥ ያተርፋል ብሎ አለፈው። 2,385 የያዙት ግን 15 ብር ቀንሰዋል፤ እነሱ በእርግጥ መቶኛ አልገባቸውም። አንድ ጥያቄ እንዲህ ሲገለጥ ስለ ልጁ የሚናገረው ከድምሩ ይበልጣል። አቤት ብለው ከመጡት መካከል 2,760 የያዙ ሰባት ልጆች ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ተጠየቁ። ስድስቱ ወዲያው 2,040 አሉ።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ ድርሻ 55 በመቶ የተባለውም አንሶ ነው። በሒሳቡና በሳይንሱ ውስጥ ተሸሽጎ ሁለተኛ ጊዜ ተፈትኗል። 9ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ እንግሊዝኛ መመዘኑ ተገቢ ነው፤ የሚመዘነው ግን በራሱ ፈተና አንዴ ነው እንጂ በሦስት ፈተና ሦስቴ አይደለም።

50 እና 49

የጠቅላላው ፈተና አስተማማኝነት 0.84 ነበር፤ መምህራን ራሳቸው ላወጡት ፈተና መጥፎ አይባልም። የድምሩ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 11.6 ነው። ከሁለቱ የሚሰላው የልኬት ስሕተት 4.6 ነጥብ ይሆናል፤ ማለትም ያው ልጅ በሌላ ቀን ተመሳሳይ ፈተና ቢቀመጥ ውጤቱ አራት አምስት ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢል የሚያስገርም አይደለም። መቁረጫው 50 ነው። ከ46 እስከ 54 ያገኙት 47 ልጆች ናቸው፤ የቦታውን ቁጥር ያህል ማለት ነው። ስለነዚህ ልጆች ይህ ፈተና የሚለው ነገር የለውም። ስለ 26ቱ፣ 55ና ከዚያ በላይ ስላመጡት፣ አለው።

ይህን ለወላጅ ማስረዳት ይከብዳል፣ እውነት ነው። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለያዘ ሰው 50 ከ49 ይበልጣል፣ አለቀ። ግን ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያውቅ መቁረጫ ሊያስቀምጥ አይገባም።

ምን ተደረገ

ዝርዝሩ ተለጥፏል፣ ወላጅ ከፍሏል፤ የገባን ልጅ ማስወጣት አይታሰብም። የኮድ 2 ወረቀቶች፣ 106ቱም፣ በተስተካከለው ቁልፍ እንደገና ታረሙ። ቀርተው የነበሩ 4 ልጆች 50 ደረሱ፤ ገብቶ የነበረ አንድ ልጅ ወደ 49 ወረደ፣ እሱ ባለበት እንዲቆይ ተደረገ። በእንግሊዝኛ ተበልጠው የቀሩት ሁለት ባለ 50ዎችም ገቡ። 48 የነበረው 54 ሆነ፤ ሁለቱ ክፍሎች ከ24 ወደ 27 አደጉ። መምህራኑ አጉረመረሙ፣ ዴስክ ተጨመረ።

የሐርቧ ልጅ ኮድ 1 ስለነበረች እርማቱ አልነካትም። 49 ላይ ቀረች። ያለው መንገድ የተጠባባቂ ዝርዝር ነበር። ኮሚቴው ዝርዝሩን በድምር ሳይሆን በተስተካከለው ስሌት ደረደረው፣ ነገር ግን ከ46 እስከ 49 ላሉት ብቻ፤ ከዚያ በታች ያሉትን በስሌት ማንሳት ቀድሞ ለወላጅ የተነገረውን ደንብ ጨርሶ መጣል ነው ተባለ። በመስከረም ሦስት ልጆች ሌላ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ሳይመዘገቡ ቀሩ። መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ነበረች። በዚያን ጊዜ ግን ኮምቦልቻ መንግሥት ትምህርት ቤት ተመዝግባ፣ እህቷ ቤት ገብታ ትምህርት ጀምራለች፤ መልቀቂያ አውጥታ እስክትመጣ ሁለት ሳምንት አለፈ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ የመግቢያ ውጤቱና የመንፈቁ ውጤት ምን ያህል እንደሚሄዱ ታየ። ግንኙነቱ ደካማ ነበር። ከዚህ ተነስቶ ፈተናው ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ የሚታዩት የገቡት ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ቢገቡ ምን ያመጡ ነበር የሚለው አይታይም፤ ከላይ ተቆርጦ የተወሰደ ቡድን ውስጥ ግንኙነት ሁሌም ይቀጥናል። ሆኖም በሒሳብ መግቢያ ከ10 በታች የነበራቸው የ9ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ጎልተው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ለእነሱ ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ተከፈተ።

የ2017 ነሐሴ ፈተና

ለቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የተሠራው ቢጋሩ ነው። ለሒሳብ ከ5ኛና 6ኛ ክፍል 10፣ ከ7ኛ 14፣ ከ8ኛ 6 ጥያቄ ተመደበ፤ የ8ኛ ክፍሉም ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብቻ። ሒሳቡና ሳይንሱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታተሙ። የጥያቄው ገጽ በእጥፍ በዛ፣ ወጪውም እንዲሁ፤ የመመዝገቢያ ክፍያው ግን ባለበት ቆየ። የጥያቄዎቹ ግማሽ ሰኔ ላይ በራሱ በትምህርት ቤቱ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ተሞክረዋል። ከ30 በመቶ ያነሰ ወይም ከ90 በመቶ የበለጠ የመለሰው ጥያቄ ተሰረዘ። በ9ኛ ክፍል ልጆች መሞከሩ ጥያቄው ከእውነቱ ቀሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ነገር ግን 8ኛ ክፍል ላይ መሞከር ማለት ለአመልካቾች ጥያቄ ማሳየት ነው። ከሁለቱ ክፉ የቀለለው ተመረጠ።

ጅማሬው ወደ 3፡30 ተዛወረ። በሦስቱ ትምህርቶች መካከል 15 ደቂቃ እረፍት፣ ለየትምህርቱ 45 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲያልቅ የዚያ ትምህርት ወረቀት ይሰበሰባል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ላይ የቆየ ልጅ የሳይንሱን ደቂቃ አይበላም። እኩል ሲመጣ የሚሠራበት ደንብ፣ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ቀጥሎ ሳይንስ፣ ከምዝገባው ማስታወቂያ ጋር ተለጠፈ። በእርማትና በዝርዝር መካከል ሦስት ቀን ተተወ፤ በሦስቱ ቀን የጥያቄ ምርመራው ይሠራል።

የሒሳቡ አማካይ 15.8፣ መበተኑ 6.1 ሆነ፤ አስተማማኝነቱ ከ0.35 ወደ 0.83 ወጣ። የእንግሊዝኛው መበተን 5.7፣ የሳይንሱ 5.2። ሦስቱ እንዲህ ከተቀራረቡ ዝም ብሎ መደመር ብዙም አይጎዳም፤ ኮሚቴው ግን ስሌቱን አልተወም።

ያስቸገረው መሐል ላይ ያሉት ልጆች ጉዳይ ነበር። የተሻለው መንገድ እነሱን ብቻ እንደገና መፈተን ነው፣ በምርጫ ሳይሆን ሥራውን ጽፈው በሚያሳዩበት አምስት የሒሳብ ጥያቄ። ነገር ግን ከወረባቦና ከሐርቡ የመጣ ወላጅ ልጁን ሁለት ጊዜ ደሴ ማምጣት አይችልም፤ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። በመጨረሻ ሁለተኛው ወረቀት ለሁሉም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በ8፡30 ተሰጠ፤ የሚታረመው ግን ከመቁረጫው አምስት ነጥብ ከፍና ዝቅ ያሉት ልጆች ወረቀት ብቻ ነው። የቀሩት ታሽገው ይቀመጣሉ። አራሚው የልጁን ስም፣ ትምህርት ቤቱንም ሆነ የጠዋቱን ነጥብ አያይም። መልሱ ቢሳሳትም መንገዱ ትክክል ከሆነ ከ4 ነጥብ እስከ 3 ይሰጣል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ይቻላል። ወረቀቶቹ በሙሉ፣ የታረሙትም ያልታረሙትም፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ እስኪያልፍ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መዝገብ ቤት ይቆያሉ። ከሰዓቱን ለመቆየት ከሩቅ የመጡት ልጆች ምሳ ያስፈልጋቸው ነበር፤ በ2017 የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ዳቦና ሻይ ቻለ፣ ለሚመጣው ነሐሴ ግን በጀቱ ገና አልተወሰነም።